አረንጓዴ የማያውቀው ኮምፒውተር

ኢሜይሌን የማነበው ጽሑፍ ብቻ በሚያሳይ አሮጌ ፕሮግራም ነው። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ በቃ። ላኪው ኤችቲኤምኤል በሚሉት ዘዴ በሥዕልና በቀለም ቢያሽሞነሙነውም እኔ ዘንድ ሲደርስ ጌጡን አውልቆ ይገባል። የአሰላ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሌላው ሰው ስክሪኑ ላይ ክቧ ስትዞር እያየ ይቀመጣል፤ እኔ አንብቤ ጨርሻለሁ። በዚህ እኮራለሁ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

አንድ ጠዋት ሁላችን እትዬ የምንላቸው ጎረቤቴ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጅቷ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ ምደባዋን ትጠብቅ ነበር፤ ስልኳ ስለተሰበረ ውጤቱ እንዲላክላት የእኔን የኢሜይል አድራሻ ሰጥታለች። እትዬ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ናት፣ ከሳጉሬ ሌላ ቦታ ስሙንም መስማት አይፈልጉም። ሳጉሬ ከደረሳት በሚኒባስ ተመላልሳ ቤቷ ታድራለች።

መልእክቱን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፦ "ስለ ምደባዎ፦ ሳጉሬ..."

ቀሪውን ማን ይስማኝ! እትዬ እልልታውን አቀለጡት። በእኛ ሰፈር እልልታ የሰማ መጀመሪያ ይመልሳል፣ ምክንያቱን የሚጠይቀው ኋላ ነው። ከግራም ከቀኝም ተቀበሏቸው፤ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት እልል ብለው ሲጨርሱ በኦሮምኛም በአማርኛም "ማሊ? ምን ተገኘ?" ሲሉ ሰማኋቸው።

እኔ ግን ቀሪውን በዓይኔ አነበብኩ። ከሳጉሬ ቀጥሎ ጢቾ፣ ከጢቾ ቀጥሎ ዴራ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ "የተመደቡት በአረንጓዴ በተጻፈው ቦታ ነው" ይላል። እኔ ስክሪን ላይ ሦስቱም ነጭ ናቸው።

የመልእክቱን ጥሬ ኮድ የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስክሪኑ በቅንፍ ተሞላ። በዚያ ሁሉ መሃል የአረንጓዴው ትእዛዝ ከዴራ ፊት ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ዴራ ነው የደረሳት" አልኳቸው።

ልጅቷ ዴራ ሞቃት መሆኑን፣ እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡ የአሰላ ብርድ ከአጥንታቸው እንደሚወጣ እየሳቀች ነገረቻቸው። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደጅ ወጡና ልጃቸው ሥራ መያዟን ለሰፈሩ አወጁ። የወጣ እልልታ አይዋጥም ብለው ደግመው እልል አሉ፣ ሰፈሩም ደግሞ መለሰ። ደስ አለኝ።

ሲሄዱ ግን ልጃቸውን አስቀድመው ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው፣ ሳጉሬን በጣታቸው ነክተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

"ልጄ፣ ይቺስ ትንሽ እንኳ አረንጓዴ የላትም?"