ሎይዞስ የቀረበት ባሕር

እትዬ ማሩሶን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ኤጊና ደሴት ላይ፣ ከወደቡ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ባሏ ሎይዞስ የሰርጓጅ መርከብ ሞተረኛ ነበር። በጦርነቱ መርከቡ እንደወጣ ቀረ። ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

አማቷ አሲሚና መርዶውን እንደሰሙ ለተዝካሩ የስንዴ ንፍሮ ሊቀቅሉ ድስት ጣዱ። ማሩሶ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋችበት።

«ሬሳ በሌለበት የምን ተዝካር ነው፣ እማማ?»

«አንቺ እብድ! ልጄን ባሕር በላው፤ ነፍሱን እንኳ ተይልኝ!»

«ሎይዞስ ዋናተኛ ነው። ይሄኔ አንዱ ደሴት ላይ የሰው ወይን ጠጅ እየጨለጠ ይሆናል።»

ጥቁር አልለበሰችም። ሴቶቹ «ለሁለተኛ ሠርጓ ነው» እያሉ ቢያሽሟጥጧትም ጆሮ አልሰጠቻቸውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ የሎይዞስ ባልደረባ ሲዴሪስ ከምርኮ ተመለሰ። ያው መርከብ ላይ ነበር፤ ሲመታ ከላይ ተረኛ ስለነበረ ባሕር ውስጥ ተወርውሮ ተረፈ። አጥንቱ ገጥጦ፣ እናቱ ቤት እንኳ ሳይገባ፣ መጀመሪያ ማሩሶ ደጃፍ መጣ።

«እህቴ ማሩሶ፣ አልተሰቃየም። በአንዴ ነው ያለቀው።»

አላለቀሰችም። ዳቦና ወይራ አቀረበችለት፤ በልቶ እስኪጨርስም ጠበቀች። ከዚያ ጥቁሯን ለብሳ አማቷ ዘንድ ሄደች።

«እማማ፣ ስንዴ አለዎት?»

ከዚያ በኋላ የኖረችው «አልተሰቃየም» በምትለው የሲዴሪስ ቃል ነው። ሲዴሪስ ከሰዓት በኋላ መረቡን ጠግኖ ሲመለስ ጎራ ይላል። «እስቲ ንገረኝ» ትለዋለች። ይነግራታል። ባሕር ኃይሉ በየዓመቱ ለሙታኑ አበባ ውሃ ላይ ሲጥል ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ሁላችንም ካረጀን በኋላ ጠላቂዎች መርከቡን አገኙት። አንድ ወጣት ጠላቂ ደስ የሚላት መስሎት ቤቷ ድረስ መጣ። እኔም ነበርኩ።

«እማማ፣ የኋላው ክፍል ሲሰምጥ ውሃ አልገባበትም ነበር። ሞተረኞቹ በሩን ከውስጥ ጠርቅመውታል። የማምለጫውን ክዳንም ገፍተው ግማሽ ድረስ ከፍተውታል። እስከ መጨረሻው የታገሉ ጀግኖች ናቸው።»

«አየሩ ስንት ሰዓት ይበቃል?» አለችው።

ልጁ ያኔ ገባውና አቀረቀረ።

አውጡልኝ ብላ ባሕር ኃይል ቢሮ ሄደች። «መቃብራቸው ነው፤ አይነካም» አላት መኮንኑ።

«ሰው መቃብሩን ከውስጥ ይገፋል እንዴ?»



ሲዴሪስ እንደ ልማዱ ሲመጣ በር ላይ አገኘችው።

«ታውቅ ነበር?»

«ከየት አውቃለሁ? እኔ ውሃ ላይ ነበርኩ። ምን ልበልሽ ነበር፣ ማሩሶ?»

«እንግዲህ አትምጣ።»

እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። እኔ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ የእሷን መስኮት ያያል፤ ሲመሽ ይሄዳል። ባለፈው ጸደይ ሞተ። በመስኮቷ በኩል ብነግራት «እሺ» አለችና መጋረጃውን ሳበችው። ቀብሩ ላይ አልመጣችም።

ክረምቱ ገብቷል። ቤቷ ውስጥ አንድም የተዘጋ በር የለም፤ የባሕሩ ንፋስ ከጓዳ እስከ ሳሎን ይጋልብበታል። ገብቼ እዘጋለሁ፤ ተነስታ ትከፍታለች።

«እትዬ፣ ብርዱ ይገድልሻል!» እላታለሁ።

«ተይው» ትለኛለች፤ «ተይው፣ አትዝጊብኝ።»