ሾፌሩና ባለ አሥራ አራት ኪሎው ድንጋይ

ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ በነዳባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ያለ ፌርማታ ቆሞ አያውቅም። ጡረታ በወጣ ማግስት ግን መቆም ሥራው ሆነ። በእግሩ ሲሄድ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳል፣ በምራቁ አርጥቦ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል፤ ከዚያ ወደ ኮቱ ኪስ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተቀደደውን ኪስ ሁለቴ ጠገነችለት፤ በሦስተኛው አፉን ሰፍታ ዘጋችው።

"ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን ብትሰበስብ ኖሮ ይኼኔ ጠግበን ነበር" አለችው።

"ቆይ፣ ሲወለወል ታዪዋለሽ።"

ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ፈታ፤ የሴራሚክ መቁረጫ ዲስክ ገጠመለት፤ ዲስኩ እንዳይግል ውሃ የሚያንጠባጥብ ጠርሙስ ከላይ በሽቦ አንጠለጠለና በረንዳው ላይ ተከለው። ማሽኑ ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጭቃ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይረጫል። በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ልብስ ለብሶ የሚያገሳ ነገር ላይ ያጎነበሰ ሰው ያዩ ጎረቤቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ።

የተቆረጠውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ በሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው፣ መጨረሻ ላይ በቆዳ ቁራጭ። ጣት የምታህል ድንጋይ ሦስት ቀን ትፈጃለች። ስታልቅ ግን ታብረቀርቃለች። አማቱ አንዷን ከረሜላ መስላቸው ጎርሰዋታል። ጥርሳቸው ተርፏል፤ ከሾፌሩ ጋር ግን ሁለት ወር ተኮራርፈው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከወንዝ ዳር ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ሚዛን ላይ ሲያወጣው አሥራ አራት ኪሎ።

"ይሄ ተራ ድንጋይ አይደለም" አላት። "ውሃው እንዴት እንዳለሰለሰው አየሽ? ሆዱ ውስጥ የያዘው ነገር አለ።"

"እኔም ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ብዙ ነገር አለ፤ ማን ቆርጦ አየልኝ?"

ቅዳሜ ምስክር እንዲሆን የሚስቱን ወንድም ጠራው። ሰውየው ግንበኛ ነው። ዲስኩ ትንሽ፣ ድንጋዩ ትልቅ ስለሆነ ሾፌሩ ዙሪያውን እያዞረ ሲቆርጥ ረፈደ፤ ሁለት ዲስክ አለቀ። በመጨረሻ መሮ ሰክቶ በመዶሻ አንዴ ሲለው ለሁለት ተከፈለ።

ውስጡ ግራጫ ነው። መሃሉ ላይ ዝገት የበላው ብረት ተጋድሟል።

ግንበኛው በጥፍሩ ጫር አደረገው። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮንክሪት ነው። ፌሮውም ይኸው።"

ሾፌሩ ኩምሽሽ አለ። የዝናብ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ለሳቅ የከፈተችውን አፍ ፊቱን ስታይ መልሳ ገጠመችው፤ አንጀቷን በላው።

"ከተቆረጠ አይቀር፣ ወልውለው" አለችው።

ቅር እያለው ጀመረ። ሳምንት ሙሉ ፈገፈገው። ቀስ በቀስ ሲሚንቶው ውስጥ የተቀበሩት ጠጠሮች ብቅ ብቅ አሉ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ የማር መልክ ያለው፣ ነጭ። ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ጨርቅ ቢሆን ቀሚስ እሰፋበት ነበር" አለች። ከሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

በሳምንቱ የመጣው ግንበኛ ግን ሲያየው ጠጋ ብሎ ጠጠሮቹን በጣቱ ዳበሰ።

"ጋሼ፣ ከየት ነው ያመጡት?"

"ከአሮጌው ድልድይ ሥር።"

"እዚያ የነበረውን የድጋፍ ግንብ ኮንክሪት ያቦካነው እኔና ጓደኞቼ ነን።"

"ያ ጎርፍ የወሰደው?" አለች እህቱ።

"አሸዋ በዝቶበት ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሃያ ዓመት ስሰደብበት የኖርኩት ሥራ ነው። ውስጡ እንዲህ ያምራል ብሎ ማን ነገረኝ?"

ሾፌሩ ከድንጋዮቹ አንዱን እንኳ ለሰው ሰጥቶ የማያውቅ ንፉግ ነበር። ያን ቀን ግን የተወለወለውን የኮንክሪት ግማሽ በጨርቅ ጠቅልሎ አስታቀፈው። ግንበኛው ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦት፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "የእጄ ሥራ ነው" ይላል፤ ስለ አሸዋው አያነሳም።

አሁን ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሾፌሩ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ግንበኛው የግንቡን ስባሪ። እስካሁን በቁጥር ግንበኛው እየመራ ነው።