የእናቴ ጉልበት በፌስታል

ዛሬ ጠዋት የእናቴን ጉልበት በፌስታል ይዤ እዚህ እስራኤል፣ የሰፈራችን ሐኪም ጋ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ኳ! አለ።

ጉልበት ስል፣ አምና በቀዶ ጥገና የተተካላትን ብረት ነው። ውስጡ አመርቅዞ ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል አወጡት፤ ለምኜ አጥበው፣ ቀቅለው ሰጡኝ።

አሁን በቦታው መድኃኒት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ገብቶላታል። ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ እንደገና ተከፍታ አዲስ ብረት ይገባላታል።

ይኸ ሐኪም ብረቱ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ አይቷታል። ጉልበቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። እሱ ግን ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ማ ሽሎሜኽ፣ ኢማ?» ይላታል፤ በዕብራይስጥ እንዴት ነሽ እናቴ ማለቱ ነው።

እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ትለዋለች። የጎንደር እናት ነፍሷ ልትወጣ ስትል እንኳ ምስጋናውን ታስቀድማለች፤ ሕመሙ የሚወጣው ሁለቴ ሦስቴ ስትጠየቅ ነው።

እሱ ግን ጥያቄውን አልደገመላትም። ጉልበቷን እንኳ ገልጦ ሳያይ «ሕመም የላትም» ብሎ ጻፈ። ሦስቴም! (ኮምፒውተሩን ግን አገላብጦ መርምሮታል፤ ጤነኛ ነው።)

እኔ ያኔ አብሬያት አልገባሁም፤ ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ሥራ ላይ ነበርኩ። ለዚህ ለራሴም ይቅርታ የለኝም።

ዛሬ ብረቱን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እናትሽ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ባሩክ ሃሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት» አልኩት ፈገግ ብዬ። «ያላ፣ ጻፍ። ሕመም የላትም በል።»

የክስ ደብዳቤዬን ከብረቱ ሥር ትቼለት ወጣሁ።

«ደኅና ነኝ» ስላለች ዝም የተባለች እናት እናንተም ቤት አለች? ጻፉልኝ። ፌስታል እንደሆነ ሞልቷል።