ወንበሯን የለቀቀችው ሴት

ለባለሙያ ሴቶች ቆሜያለሁ የሚለው ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ መረጃ ሊያደራጁ የመጡትን ተለማማጅ ተማሪዎች ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል። ወንበር አጥታ የቆመች አንዲት ተማሪ ግን ዓይኗን ጥግ ከተቀመጠችው ሴት ላይ መንቀል አቃታት። የሴትዮዋ ኮት በደንብ ተተኩሷል፤ ክርኑ ግን ሳስቷል። ላፕቶፗን ከፍታለች፤ ጣቶቿ ግን ቁልፎቹን አይነኩም። አለቃ ትሁን ሠራተኛ፣ ተማሪዋ ግራ ገባት።

"እትዬ፣ እዚህ ነው የሚሠሩት?"

"እዚህ ነው የምውለው፣ የኔ ልጅ።"

አስተባባሪዋ እየተጣደፈች መጣች። "እህቴ፣ ዛሬ እንኳ ወንበሩን ልቀቂልን! ሥራ ሲገኝ እንደውላለን አላልንሽም? እንግዶች አሉብን እኮ።"

እንግዶች! ሰው ትንሽ አያፍርም? ቤቱ የቆመው ለማን ሆነና ነው?

ሴትዮዋ ላፕቶፗን አጥፍታ፣ ኮቷን ቆልፋ፣ አገር ሰላም ነው ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ሲጮህ፣ በተከፈተው በር በኩል ለተማሪዋ ይሰማታል።

"ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔ ጌታ" አለች ግድግዳውን ተደግፋ። "ስብሰባ ልገባ ነው። ለአባባ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች በለው፣ እሺ?"

"ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!" አለቻት አስተባባሪዋ ተማሪዋን፣ የተለቀቀውን ወንበር እያሳየቻት። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረች። "እንኳን ደህና መጣችሁ! የመጀመሪያ ሥራችሁ ቀላል ናት፤ በእኛ ድጋፍ ሥራ የያዙትን ሴቶች ካልያዙት መለየት ብቻ።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ተማሪዋ ገና ካልቀዘቀዘው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያችን ሴት ከየትኞቹ እንደምትደምራት ጠፍቷት፣ እጇ ለጭብጨባ ሳይነሳ ቀረ።