ሰላምታ በብስክሌት ላይ

ልጄ ዛሬ ጠዋት ከብስክሌት ወደቀ ብላ የምታወራውን አትመኑ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ እንጂ አልወደቅኩም።

ይህንን ኢሜይል ለሁላችሁም የምትጽፍልኝም እሷው ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ከዳላስ ወጣ ብሎ፣ ጫካው ተጠብቆ የተያዘበት ሸለቆ ውስጥ፣ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ አለ። ልጄ ገና ስንደርስ፣ "አባዬ፣ አንዴ ከወደቅህ ብስክሌቱን እሸጠዋለሁ" አለችኝ።

እኔን! ድሬዳዋ ላይ ስንት ዓመት በብስክሌት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያደረስኩትን! ማንበብ ባልችልም እየጠየቅኩ፣ አንድም ደብዳቤ ከባለቤቱ ሌላ ለማንም አልሰጠሁም።

ቁልቁለቱን እንደ ንፋስ ስወርድ አንዲት ሽበታም ፈረንጅ በእግራቸው ሽቅብ መጡ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ታላቅን ተቀምጦ ሰላም ማለት የት አገር ነው? ፔዳሉ ላይ ብድግ አልኩና ኮፍያዬን በሁለት እጄ አውልቄ እጅ ነሳሁ።

ለፍሬኑ የተረፈ እጅ አልነበረም።

ሴትዮዋ ከእሾሁ ጎትተው አወጡኝ፤ ኮፍያዬንም አራግፈው ሰጡኝ። ልጄ እየሮጠች ደርሳ፣ "አበቃ! ይሸጣል!" ስትል ሳቁና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሏት።

"ምን አሉ?"

"እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም፤ ቅዳሜም ይምጣ ነው የሚሉት።"

ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ "ኦኬ፣ ብስክሌቱ ይቆይ። ኮፍያው ግን ቤት ይቀራል" አለች።

እንግዲህ፣ ቅዳሜ ባዶ ራሴን እሄዳለሁ፤ ሴትዮዋን ግን ከብስክሌቱ ወርጄ ነው ሰላም የምላቸው።

እናንተንስ አክብሮት ጥሏችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ልጄ ታነብልኛለች።