አያ ሙጨ ሳይተኙ

ከአገሬ የወጣሁት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው። ሌላው ስደተኛ በሌሊት ተነስቶ የተኛ ልጁን ስሞ ይወጣል፤ እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የወጣሁት። የሜሮንን ፀጉር ሠርቼ፣ ምሳ ዕቃዋን አስይዤ፣ ገንዳ ውሃ ከሚገኘው መዋዕለ ሕፃናቷ በር ላይ "ደህና ዋይ" ብያት፣ በዚያው ባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሻንጣዬን እናቴ ቀድማ ወስዳልኝ ነበር። ልጅቱ ስታለቅስ ካየሁ እንደማልሄድ ስለማውቅ ነው እንዲያ ያደረግሁት። እስከ ዛሬ ለሰው ስናገረው አፍራለሁ፤ ለእናንተ ግን ከዚሁ ልጀምር።

ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነበር። ኦፕራሲዮን የሚደረገውን ሰው አስተኛለሁ፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን እጠብቃለሁ፣ ሲያበቃ አነቃዋለሁ። የጎንደር መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱም ኦክስጅኑም መምጣት አቆመና ሥራው ቆመ። ባለቤቴ አዱኛ ሱዳን ገዳሪፍ ትራክተር ይነዳ ነበርና "ነይ፤ እዚህም ሰው ይታመማል" አለኝ። መተማ ዮሐንስ ደርሼ በእግሬ ድንበሩ ማዶ ወዳለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ተሻገርኩ።

የጠረፉ መኮንን ሥራዬን ጠየቀ። የሚያስተረጉምልኝ አብሮኝ የተሻገረ የመተማ ነጋዴ ነበር፤ "ማደንዘዣ" የሚለውን በዓረብኛ አያውቀውም። ትንሽ አሰበና "ሰው ታስተኛለች" አለው።

መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ። "ምን ዓይነት ሰው?"

"ማንንም። ሕፃንም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን" አለው ነጋዴው።

"እኔ ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም፤ ታስተኛኛለች?"

"ያለ ቀዶ ጥገና አላስተኛም በለው" አልኩት። ነጋዴው ይህን አልተረጎመውም። መኮንኑ ከንግግሩ ሁሉ ሕፃን የሚለውን ብቻ ያዘና "ሞግዚት" ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። እኔ ዓረብኛ ማንበብ ስለማልችል አመስግኜ ወጣሁ።

ገዳሪፍ እንደ ሩቅ አገር አይደለም፤ ክፋቱም እሱ ነው። አፈሩ የእኛው ዋልካ ነው፣ ሙቀቱ የእኛው ሙቀት ነው፣ በአጨዳ ጊዜ ከተማው ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። ጠዋት ስነቃ አንዳንዴ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል፤ ከዚያ ሙአዚኑ በሌላ ዜማ ይጣራል፣ ጎረቤት በማላውቀው ቋንቋ ልጇን ትቆጣለች። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ከማሽላ ነው፣ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ስትጠቀልሉት ወጡን አይሸከምም። አከራያችን ሀጃ ደግሞ በርበሬ ባቁላላሁ ቁጥር በሩን ትደበድባለች።

"አንቺ ሐበሻ፣ ሰው ልትገድዪ ነው?"

"ምሳ ነው፣ ሀጃ።"

"ምሳ ከሆነ ለምን አስለቀሰኝ?" ትልና በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ ትቆማለች። አትሄድም። ሳህን ላይ አድርጌ ስሰጣት እያለቀሰች ትበላለች።

ሆስፒታሉ ሞግዚት የሚለውን ወረቀቴን ሲያይ በማደንዘዣ ባለሙያነት አልተቀበለኝም። አንድ ደግ ሰው ግን በጽዳት ሥራ አስገባኝ፤ የደረሰኝም ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። እሁድ እሁድ ለእናቴ እደውላለሁ። ሜሮን ግን ስልክ አትይዝም። እናቴ "ነይ እናትሽ ናት" ስትላት፣ ልጅቱ ከቤት ስትወጣ የእግሯ ኮቴ ይሰማኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ከልጄ የሰማሁት ያንን ኮቴ ነው።

አያ ሙጨ ወደ ሆስፒታሉ የመጡት አጨዳው ሊያልቅ ሲል ነው። የቋራ ሰው ናቸው፣ ከገለጉ ወዲያ፤ ለቀን ሥራ ተሻግረው ነው። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት የሕፃን ራስ ያህላል። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ተደግፈው ነው ያደሩት። ሲተነፍሱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መጥረጊያዬን ይዤ ከኮሪደሩ ጫፍ ሰምቼ ቆምኩ።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ዶክተር ኢብቲሳም ትባላለች። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት ናት። ቤቷን ጥላ ስትወጣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ መሣሪያዋን ግን ይዛ ነበር የወጣችው። ራጁን ወደ መብራት አንስታ ስታይ እኔም ከኋላዋ አየሁት። የአየር ቧንቧው ወደ ጎን ተገፍቶ እንደ ገለባ ቀጥኗል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀድመው ካስተኙት ጡንቻው ይላላል፣ እንቅርቱ ቧንቧውን ይጫነዋል፤ ያኔ ቱቦ ላስገባ ቢሉ መንገድ አይገኝም። አንገቱን ቀድዶ አየር መስጠትም አይቻልም፣ እንቅርቱ እዚያው ላይ ነው። ያለው መላ ሰውየው ሳይተኛ፣ ተቀምጦ በራሱ እየተነፈሰ፣ ቱቦውን በካሜራው እየመሩ በአፍንጫው ማስገባት ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ የሚባለው ሊገባው ይገባል። የአያ ሙጨ ዓረብኛ የእርሻ ዓረብኛ ነበር፤ እጨድ፣ እሰር፣ ጫን።

"ቋንቋውን የሚያውቅ አለ?" አለች ዶክተሯ።

"እኔ አለሁ" አልኩ፤ በዓመቱ ውስጥ ዓረብኛ ለምጄ ነበር። ጓንቴን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ገባሁ።

ዶክተሯ የሚያደነዝዘውን መድኃኒት አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ውስጥ ስትረጭላቸው ሳል ያዛቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ድንገት የዶክተሯን አንጓ ጭምቅ አድርገው ያዙ።

"ጉሮሮዬ ጠፋ፣ እታለም" አሉኝ። "የለም። ልትገድለኝ ነው።"

"አለ፣ አያ ሙጨ። ስለደነዘዘ ነው የማይሰማዎ። ይኸው ደረትዎ ላይ እጄን አድርጌያለሁ፤ ሲነሳና ሲወርድ ይሰማኛል። እኔ እያለሁ ትንፋሽዎ አይጠፋም።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የገንዳ ውሃ ልጅ ነኝ። አሁን እጇን ይልቀቁላትና የእኔን ይያዙ።"

ለቀቋት። ዶክተሯ "አትንቀሳቀስ በዪው" አለች፤ እኔ ግን እንዲያ አላልኳቸውም። የፈራ ሰው አትንቀሳቀስ ሲባል ትንፋሹንም ይይዛል። "ማሳዎ ላይ ቆመው መጀመሪያ የወረደውን ዝናብ እንደሚያሸቱት፣ ቀስ ብለው በአፍንጫዎ ይሳቡ" አልኳቸው። ሳቡ። መሣሪያው ገባ። ትንሿ ስክሪን ላይ ምራቅና ቀይ ሥጋ ብቻ ነው የሚታየው። ዶክተሯ ወደፊት ትገፋለች፣ መልሳ ትስባለች። የኦክስጅን መቆጣጠሪያው ድምፅ እየወፈረ መጣ፤ ሲወፍር ኦክስጅናቸው መውረዱ ነው፣ ቁጥሩን ማየት አያስፈልገኝም። አያ ሙጨ እጄን ሊሰብሩት ደረሱ። ያኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነጣ ያለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ የድምፅ አውታራቸው ነበር።

"ሺማል" አልኩ። በዓረብኛ ግራ ማለት ነው።

ዶክተሯ አንድ አፍታ ዞር ብላ አየችኝ። ጽዳት ሠራተኛ ነኝ እኮ። ከዚያ ወደ ግራ ጠመዘዘችው፤ ነጩ በር ወለል ብሎ ታየ።

"አሁን በረዥሙ፣ አያ ሙጨ። አንድ ብቻ።"

ሲስቡ በሩ ተከፈተ፣ መሣሪያው አለፈ፣ ቱቦው በላዩ ተንሸራትቶ ገባ። ድምፃቸው ተቋረጠ። በቱቦው ውስጥ ግን የትንፋሻቸው ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል። "አሁን ይተኛሉ" አልኳቸው፤ ዶክተሯ የእንቅልፉን መድኃኒት ሰጠቻቸው። እጃቸው ቀስ እያለ እጄን ለቀቀው። ወጥቼ መጥረጊያዬን ይዤ አለቀስኩ። ከደስታም አይደለም፤ ሥራዬን በጣም ናፍቄው ኖሯል።

እንቅርቱ ወጥቶ፣ ነቅተው ቱቦው ሲነሳላቸው ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ግን ነበረ። መጀመሪያ ያሉት "ውሃ" ነው። በማግሥቱ ክፍላቸው ስገባ ትራስ ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ሳልቀሰቅሳቸው ወለሉን ጠርጌ ወጣሁ።

ዶክተር ኢብቲሳም ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ይዛኝ ሄደች።

"ይቺ ሴት የሙያ ጓደኛዬ ናት" አለች።

ጸሐፊው ወረቀቴን ገለበጠ። "ሞግዚት ናት።"

"ተሳስተው ነው የጻፉት።"

"ማኅተም አለው እኮ። ዲፕሎማዋን ከአገሯ አስመስክራ ታምጣ።"

"ወደ ጎንደር መንገዱ ዝግ ነው" አልኩት።

"እንዴት መጣሽ ታዲያ?" አለኝ። በክፋት አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ እጠርጋለሁ፤ አስቸጋሪ ሕመምተኛ ሲመጣ ዶክተሯ ታስጠራኛለች፣ ሲያበቃ ወደ መጥረጊያዬ እመለሳለሁ።

አያ ሙጨ ሲድኑ ወደ ገለጉ ለመመለስ ተነሱ። "መልእክት የለሽም ወይ?" አሉኝ። የእናቴን ቤት ነገርኳቸው እንጂ ምን እንደሚሉልኝ አላወቅሁም። ሻንጣቸውን ይዤ እስከ መኪናው ስሸኛቸው ቀናሁባቸው፤ ምን ልደብቃችሁ።

በሳምንቱ እሁድ ስደውል እናቴ አንድ የቋራ ሰው መጥተው እንደነበር ነገረችኝ። ሜሮንን አስቀምጠው የአንገታቸውን ጠባሳ በጣቷ አስነክተው፣ "እናትሽ ባትኖር አፈር ሆኜ ነበር" አሏት።

"አሁን የት ናት?" አልኩ።

"አጠገቤ ናት። ቆይ... ይኸው ያዘችው።"

ኮቴ አልሰማሁም። ትንፋሽ ሰማሁ። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ሲገባ፣ ሲወጣ። "ሜሮኔ" ብላት የምትሄድብኝ መስሎኝ ስሟን አልጠራሁም። ሰው ሳስተኛ እንኳ እንደዚያ አዳምጬ አላውቅም። በቀኝ አፍንጫዋ ይሁን በግራው፣ አየሩ ሲገባ ትንሽ ይታፈናል።

"ጉንፋን ይዞሻል" አልኳት በመጨረሻ።

"አልያዘኝም" አለች።

ስልኩን ለአያቷ መለሰች።