የልጄ ባትሪ

ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት የማኅበራችን ሴቶች ወሬ ምሳቸው ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ እንደማጨስ እንዳይሰሙ ብዬ ባትሪውን ልገዛ ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ያለ የቬፕ ሱቅ ድረስ ሄድኩ።

ሻጩ ሐበሻ ሆኖ ቁጭ! አሮጌውን ባትሪ ከቦርሳዬ አውጥቼ «የልጄ ነው» አልኩት። ልጅ የለኝም።

«ማዘር፣ ሽፋኑ ተልጦ ከቁልፍ ጋር ይዘውት ይዞራሉ? ብረት ከነካው እኮ ቦርሳዎ ውስጥ ይነድዳል!» አለና አዲሱን በፕላስቲክ መያዣ ከትቶ ሰጠኝ። «ልጅዎን ይቆጡልኝ።»

«እሱ መች ይሰማል» አልኩ።

በሩ ተከፈተና የማኅበራችን ሰብሳቢ ገባች። አየችኝ፤ አየኋት። አለቀልኝ ስል ሻጩ ፈገግ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ የባለቤትዎ ባትሪ መጥቷል!»

ባሏን ከቀበርን አራት ዓመታችን ነው።